ፓምፑ ምን አጠፋ?

ሳንጃ ላይ የመኪና ኮፈን ተከፍቶ ባለቤቱ ብቻውን የቆመበት ጊዜ የለም። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠችው ይህች የታች አርማጭሆ ከተማ ሰሊጥ በደረሰ ቁጥር በትራክተር፣ በአይሱዙ፣ በባጃጅና በደብል ጋቢና ፒካፕ ትሞላለች። መኪና በበዛበት የመኪና አዋቂም ይበዛል። ኮፈን ከፍ ሲል የሰሊጥ ደላላው ስልኩን ይዘጋል፤ ባጃጅ ነጂው «አንድ ጊዜ ጠብቂኝ እናቴ» ብሎ ተሳፋሪዋን ትቶ ይወርዳል፤ ቡና የምታፈላዋም ጀበናዋን ጥዳ አንገቷን ታሰግጋለች።

በዚህ ወግ ኒም ዛፍ ጥላ ስር የቆመው መኪና ናፍጣ የሚጠጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ሾፌሮች «ቪጎ» ከሚሉት ወገን። ባለቤቱ ወደ አብደራፊ በኩል ሰሊጥ የሚያርሱ ሰው ናቸው። በሽታውን ሲናገሩ ድምፃቸው የታማሚ ቤተሰብ ድምፅ ነው፦ ጠዋት አንዴ ሲነኩት ይነሳል፤ ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ጭኖ ወደ ትክል ድንጋይ የሚያወጣውን ዳገት ሲጀምር ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ቼክ ኢንጅኑ ይበራና ሞተሩ «ከዚህ በላይ አልሄድም» ይላል። አጥፍተው ሲያስነሱት ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይሆናል።

«ፓምፑ ሄዷል» አለ ደላላው፣ ኮፈኑ ውስጥ እንኳ ሳያይ።

የዚህ መኪና ፓምፕ ዋጋ ሲጠራ ሰው ቁጭ ብሎ ቢሰማ ይሻለዋል። ባለቤቱም የጎማ ቁራጭ ፈልገው ተቀመጡ።

ባጃጅ ነጂው በፓምፑ አልተስማማም፤ «ኖዝል ነው» አለ። የእሱ ባጃጅ ቤንዚን የምትጠጣ፣ በካንዴላ የምትነሳ መሆኗ አቋሙን አላላላውም። ሌላው «ቶዮታ አይሞትም፤ ዝም ብላችሁ ንዱት» አለ። ይህኛው እንኳ ትንሽ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የቢቢሲው ቶፕ ጊር ዝግጅት አንድ አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክስ ባሕር ውስጥ ዘፍቆ፣ በእሳት አቃጥሎ፣ በመጨረሻም በሚፈርስ ፎቅ ጣሪያ ላይ አስቀምጦ ከፎቁ ጋር አፍርሶታል። መኪናው አዲስ ዕቃ ሳይገባለት እንደገና ተነሳ። ችግሩ የዚያ ሃይሉክስ ሞተር የ1980ዎቹ መሆኑ ነው። የባሕር ውኃ ችሎ የተነሳ አያት ያለው ቪጎ፣ ፊልትሮውን አልፎ ፓምፑ ውስጥ የገባ አንድ ብርጭቆ ውኃ አልጋ ላይ ሊያውለው ይችላል።

አራተኛው ተናጋሪ ጣቱን ወደ ናፍጣው ቀሰረ፤ «ላምባ ደባልቀውበታል!» የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ተመርቆ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ኢትዮጵያ የምትነዳበት ነዳጅ ሁሉ ተጣርቶ ከውጭ የሚመጣ ነው። አብዛኛው ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ይገባል። ማደያ በጠፋበት ወይም ሰልፍ በረዘመበት ቀን የመጨረሻው ጉዞ በጀሪካን ይሆናል። ጀሪካኑ በፊት ምን እንደያዘ የሚያውቀው ጀሪካኑ ብቻ ነው። ላምባ ለናፍጣ ፓምፕ ጠላት ነው፤ ፓምፑ ሌላ ቅባት የለውም፣ ውስጡን የሚያለሰልስለት ያው የሚያልፍበት ናፍጣ ነው፤ ላምባ ደግሞ ደረቅ ነው። መንግሥት ግን ይህን በር በዋጋ ዘግቶታል፤ ለምሳሌ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በሥራ ላይ በነበረው ተመን ነጭ ናፍጣም ላምባ የምንለው ኬሮሲንም በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበሩ። እኩል ከሆነ ምን ይተረፍበታል? ውኃ ግን እስካሁን ተመን አልወጣለትም።

መካኒኩ፣ ዕድሜው ከሁሉም ያነሰ፣ ለሁሉም «እሺ» እያለ ከናፍጣ ፊልትሮው ስር ያለችውን ማፍሰሻ ፈታና ባዶ ሃይላንድ ደገነ። ጥቂት ጠብቆ ወደ ብርሃን አነሳው። ናፍጣ ከውኃ ይቀላልና ውኃ ካለ ከታች ይተኛል። እዚህም ከታች ስስ ንጣፍ ውኃ ተኝቷል፤ ነገር ግን መኪና የሚያቆም አይደለም። ላምባ ያለው ሰው «ይኸው!» ብሎ ሃይላንዱን በሰው መሃል አዞረው። መካኒኩ ቀጠለ።

በዚህ መሃል ጎሚስታው፣ ወሬው «ግፊት» ላይ መድረሱን ሲሰማ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያውን ይዞ ደረሰ። ቅን ሰው ነው፤ ግን መለኪያው የሚያውቀው የፒካፕ ጎማ 35 ብሎ እንደሚሞላ ብቻ ነው፤ ይህም በባር ሲቆጠር ሁለት ተኩል እንኳ አይሞላም። ቪጎው ላይ ናፍጣው ወደ ኖዝሎቹ የሚከፋፈልበት፣ ሬል የሚሉት ወፍራም የብረት ቱቦ አለ። ሞተሩ በሚኒሞ ቆሞ ሲዞር በሬሉ ውስጥ ያለው ግፊት 300 ባር አካባቢ ነው፤ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ከ1,500 ያልፋል። የዓለም ጥልቁ የባሕር ወለል ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ እዚያ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር የሚበልጠው በጥቂት ነው። ጎሚስታው መለኪያውን ወደ ኪሱ መለሰ።

ቀጥሎ የተናገሩት የሁሉም ታላቅ ነበሩ፤ በጉልምስናቸው ፊያት 682 ኤንትሬ የነዱ፣ ዛሬ በጡረታ ቡና የሚጠጡ የከባድ መኪና ሾፌር። «አየር ገብቶበት ነው» አሉ። «የኖዝሉን ቱቦ በቁልፍ ፈታ አድርግ፣ ሞተሪኖውን ስጠው፣ አረፋውን ተፍቶ ንጹሕ ናፍጣ ሲወጣ እሰረው። ጣትህን ጫፉ ላይ ብታደርግ ግፊቱን ራሱ ይነግርሃል።»

«ጋሼ» አለ መካኒኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ፣ «ይሄ ኤንትሬ አይደለም። እርስዎ የሚሉትን ባደርግ ጣቴን እዚሁ ትቼ ነው የምሄደው።»

ሽማግሌው አልተሳሳቱም፤ ዘመኑ ነው የተሳሳታቸው። በድሮው ሞተር ፓምፑ ለእያንዳንዱ ኖዝል በተራ ይልካል፤ ቱቦ አላልቶ አየር ማስወጣት የየቀኑ ሥራ ነበር። እርግጥ ያኔም ጣት ማቅረብ አይመከርም፤ ኖዝል የሚከፈተው ከ100 ባር በላይ ነውና። ሬል ያለው ሞተር ግን፣ ዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1995 ለጭነት መኪና ካቀረበው ወዲህ፣ ሌላ ጠባይ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከላላ ቱቦ የሚፈተለክ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ላዩ ላይ የመርፌ ነጥብ ታህል፣ በመጀመሪያም ብዙ አያምም፤ ውስጡ ግን እየሞተ ይሄዳልና በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ካልተደረሰለት ጣት እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ዘመናዊው መካኒክ ፍሳሽ ሲፈልግ ካርቶን ይዘረጋል እንጂ እጁን አያቀርብም፤ የሬሉን ግፊትም የሚያነበው በጌጅ ሳይሆን በኮምፒውተር ነው።

ኮምፒውተሩ ተሰካ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ ሞተሩ የሚፈልገው ግፊትና የሚያገኘው ግፊት። ቆሞ ሲዞር ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ነዳጅ አጥብቆ ሲረገጥ የሚፈለገው ሽቅብ ይሮጣል፣ የሚገኘው መንገድ ላይ ይቀራል።

«አላልኩም? ፓምፑ!» አለ ደላላው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጤነኛ ፓምፕ የሚሸጠው። ኮምፒውተሩ የሚናገረው ግፊቱ ዝቅ ማለቱን እንጂ ማን ዝቅ እንዳደረገው አይደለም። ፓምፕ ያልደረሰውን ናፍጣ ሊገፋ አይችልም። ደላላው «እንግዲያስ ከሰልባትዮው እስከ ፓምፑ ያለውን ግፊት ለካ» ቢልም፣ ቪጎው እዚያ መስመር ላይ የሚለካ ግፊት የለውም። ሰልባትዮው ውስጥ ናፍጣ የሚገፋ ሌላ ፓምፕ አልተገጠመለትም፤ ናፍጣውን ከኋላ ድረስ ስቦ የሚያመጣው ከፊት ያለው ፓምፕ ራሱ ነው። በዚህ መስመር ላይ ሥራው መግፋት ሳይሆን መምጠጥ ነው። የተሰነጠቀ ስትሮ ይዞ ሚሪንዳ የሚጠጣ ልጅ፣ በዝግታ ሲስብ ያገኛል፣ በጥድፊያ ሲስብ አፉ የሚሞላው አየር ነው። ቱቦውም እንዲሁ ነው፤ ቀዳዳ ቢኖረው ናፍጣ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፣ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ። ለዚህ ነው ስሩን ጎንበስ ብለው ያዩት ሁሉ «ምንም አያፈስም» ብለው የሚነሱት።

መካኒኩ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ደጋግሞ ተጫነ። ጠንክራ እንደመቆም ለስላሳ ሆነችበት። ከዚያ ወደ ፓምፑ የሚገባውን ቱቦ ነቅሎ በምትኩ ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ገጠመ። ሞተሩ ተነሳ። በሚኒሞ አልፎ አልፎ አንዲት አረፋ ታልፋለች፤ ነዳጅ ሲጨመር አረፋው እየተከታተለ መጣ። ተመልካቹ ሁሉ ዝም ብሎ ላስቲኩ ላይ አፈጠጠ።

የመጨረሻው ፍተሻ ለእርቅ የሚሆን ነበር። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ኮፈኑ አጠገብ ተሰቀለ፤ የሰልባትዮው መስመር ተነቅሎ ፊልትሮው በቀጥታ ከጀሪካኑ እንዲጠጣ ተደረገ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ተያይዘው ወጡ። ስለዚህ ፓምፑ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከፊልትሮው ወደ ኋላ፣ በመስመሩ ላይ ነው። መስመሩ በእጅ ሲዳሰስ፣ ከሻሲው ጋር የሚነካካው ላይ፣ ክንድ የማትሞላ ጎማ ቱቦ በቆላው ሙቀት ደርቃ ስንጥቅጥቅ ብላ ተገኘች። አዲስ ተቆርጦ በብረት ማሰሪያ ታሰረ።

ይህ ሲሆን ደላላው ስለ ሰሊጥ አንድ ሐሳብ ነበረው፤ መኪናው በናፍጣ ከሚንገላታ ለምን በሰሊጥ ዘይት አይነዳም? ቀልዱ ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪሱ ዐውደ ርእይ አንዲት ትንሽ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርታለች። ባለቤቱ ግን የሰሊጡን የገበያ ዋጋ አስበው ፊታቸውን አዞሩ።

ዳገቱ ሳይሞከር ነገሩ አላለቀም፤ ለሙከራ ደግሞ ጭነት ያስፈልጋል። ጭነት ከቦታው አልጠፋም። ጎሚስታው፣ ደላላው፣ ላምባ ያለው፣ ቶዮታ አይሞትም ያለው፣ ሁሉም ከኋላ ወጡ፤ ሽማግሌው በክብር ጋቢና ገቡ። ቪጎው ወደ ትክል ድንጋይ አቀና፤ ባለቤቱ ነዳጁን ረገጡት፤ ቼክ ኢንጅኑም አልበራ፣ ሞተሩም አላጉረመረመ።

«አየር ነው አላልኩም?» አሉ ሽማግሌው። ብለዋል፤ ማንም አልካደም።

ችግሩ የመጣው ሂሳብ ላይ ነው። ጠዋት ለፓምፕ መሬት ሊሸጡ ያሰቡት ባለቤት፣ ከሰዓት «ለአንዲት ቁራጭ ጎማ ይህን ያህል?» አሉ። መካኒኩ ጎማዋን ሳይሆን ፍለጋዋን እንደሚያስከፍል ተናገረ። ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር ደላላው መሃል ገባ፤ አንዱን «ጋሼ፣ ጨምሩለት»፣ ሌላውን «ወንድሜ፣ ተውላቸው» እያለ ዋጋውን መሃል ላይ አገናኘ። እጅ ተመታ፣ ብሩ ተቆጠረ። ደላላውም ስልኩን ወደ ጆሮው እየመለሰ ሌላኛውን እጁን ዘረጋ፤ «የእኔንስ?»