ማራገቢያውም ይጠየቅ

በጅቡቲ ከተማ ለሚበላሽ ነገር ሁሉ ተከሳሹ አንድ ነው፤ ሙቀቱ። ሊጥ ቢጎመዝዝ ሙቀቱ፣ ቀጠሮ ቢፈርስ ሙቀቱ፣ ባልና ሚስት ቢኮራረፉም ሙቀቱ። ስለዚህ አንድ የካርቲየ 3 ነዋሪ ፓራፊን አቅልጦ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሻማ ቢሠራና፣ በማግስቱ ሲሰነጥቀው በክሩ ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ዋሻ ቢያገኝ ፍርዱ ያለቀ ነው፤ «ሙቀቱ አየር አስገባበት» ይባላል። እኔ ግን በዚህ ክስ ሙቀቱ ንጹሕ ነው ባይ ነኝ። እንዲያውም ዋናው ምስክሬ እሱ ነው።

ፓራፊን ሲቀልጥ ያብጣል፣ ሲረጋ 10 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ቀዝቃዛ ነፋስ ያገኘው ሻማ ውጭው ቀድሞ ይረጋና ቅርፊት ያወጣል፤ መሃሉ ገና ፈሳሽ ነው። መሃሉ በተራው ሲኮማተር ቅርፊቱ ጠንክሯልና አብሮት አይሸበሸብም፤ የጎደለው ቦታ መጨረሻ ላይ በሚረጋው በክሩ አካባቢ ባዶውን ይቀራል። ዋሻው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ከውጭ የገባ አየር የለበትም። ሻማው ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ላዩ ብቻ ጎድጎድ ይል ነበር፤ እሱን ደግሞ ሰም ጨምሮ መሙላት ነው። ደገኛ ሻማ ሠሪ ቶሎ እንዳይቀዘቅዝበት ቆርቆሮውን በፎጣ ይጠቀልላል። ካምሲን በሚነፍስበት በሐምሌ፣ ጥላው ራሱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ የካርቲየ 3 ክፍል በነጻ የተሰጠ ፎጣ ነው። ታዲያ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? «ቶሎ ይርጋልኝ» ብሎ ቆርቆሮውን ማራገቢያ ሥር ይደቅነዋል! ማራገቢያውን ደፍሮ የሚከስ ግን የለም፤ ያለ እሱ ማን እንቅልፍ ይወስደዋል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ስለምትገዛ ደግሞ፣ በሻማው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ከፊሉ የእኛው ወንዝ ጉልበት ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማ ይፈለጋል፤ ሻማ አምሮ የሚረጋውም መብራት ሲጠፋ ነው።

በእርግጥ ቀዳዳ ሁሉ የመኮማተር ልጅ አይደለም። ጤፍ የሚያካክሉት ደቃቅ ነጠብጣቦች የእውነት አየር ናቸው፤ ግን እነሱንም ያስገባቸው ሰው ነው። የጥጥ ክር በውስጡ አየር ስለሚይዝ አስቀድሞ ትኩስ ሰም ውስጥ ነክሮ አረፋ መትፋቱን እስኪያቆም መጠበቅ ይገባል። ሰሙንም ከላይ እንደ ሻይ ማንቆርቆር ሳይሆን ቆርቆሮውን አዘንብሎ በጎኑ ማፍሰስ፣ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ መታ መታ ማድረግ ነው። ላዩ ቆዳ ሲያወጣ ክሩ ዙሪያ በወስፌ ሁለት ሦስት ቦታ ወጋ አድርጎ ሰም መመለስ ዋሻውን ከነመፈጠሩ ያስቀራል። ጧፍ ሠሪዎች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም፤ ክሩን ሰም የሚያለብሱት በስሱ ስለሆነ ዋሻ የሚደበቅበት ውፍረት አይገኝም።

«ሙቀቱ ሻማ ያጎብጥ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ያጎብጣል፤ ለስላሳ ፓራፊን በ50 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣልና። የንብ ሰም እስከ 62 ዲግሪ ድረስ ይታገሣል። መጉበጥ ግን ሌላ መዝገብ ነው። «መብራቱን ከሰጠ ዋሻው ምን ቸገረኝ?» ለሚለው ደግሞ መልሱ እራት ላይ ይደርሰዋል። የቀለጠው ሰም ወደ ዋሻው ይሰርጋል፣ ክሩ ያለ ስንቅ ይቀራል፣ ነበልባሉ አንዴ ቦግ ብሎ እልም ይላል፤ ያውም የዓሣው አጥንት ገና ሳይለቀም።

ማራገቢያው ይጥፋ እያልኩ አይደለም፤ በሐምሌ እንዲህ የሚል ሰው ካርቲየ 3 ውስጥ ጎረቤት አይኖረውም። ነፋሱን ለሰው ትቶ ቆርቆሮውን በካርቶን ከድኖ ጥግ ማስቀመጥ ይበቃል። በየሩብ ሰዓቱ ካርቶኑን ገለጥ እያደረገ «ረጋ እንዴ?» ለሚለው እጅ ግን መላ አላውቅለትም።