የናይሮቢ አርቆ አሳቢዎች

የናይሮቢን የውኃ ሊቃውንት አርቆ አሳቢነት የሚጠራጠር ቢኖር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ተዘጋጅቶ እስከ 2035 የሚዘልቀውን ታላቅ ዕቅድ ይመልከት፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድም የተጠማ ነፍስ አይገኝም። ለጊዜው ሥጋ ለባሽ ለሆነው ነዋሪ ደግሞ ከ2017 ወዲህ ውኃ በየሰፈሩ የሚገለጥበት ዕለት በሥርዐት ታውጆለት፣ ምእመን አጽዋማቱን እንደሚያውቅ ሁሉ የፈረቃውን ቀን በቃሉ ይዞታል።

በመጀመሪያ የፈረቃው ምክንያት የዝናም መጥፋት ነው ተባለ፤ ይህን አእምሮ ይቀበለዋል። በ2024 ግን ሰማይ ተከፍቶ፣ ከተማዋን የሚያጠጣው፣ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የንዳካይኒ ግድብ ጢም ብሎ፣ የማታሬ ወንዝም የድኾችን ቤት ጠራርጎ ሲወስድ፣ ፈረቃው በክብሩ ጸንቶ ቆየ፤ ዕቅድን የመሰለ ጽኑ ነገር በጎርፍ አይናወጥምና። ለከተማዋ ውኃ እንዲያመጣ ከሙራንጋ ተራሮች ሥር የተፈለፈለው 11.8 ኪሎ ሜትር ዋሻም ቢሆን የፈረቃውን ጸጥታ አላወከም።

እንግዲህ ዛሬ ልጠጣ የሚል ሰው የዘመናትን ቅደም ተከተል የሚያፋልስ ችኩል ነው። በእጅ ጋሪ ጀሪካን የሚያዞረው ጎልማሳ ሙያው ምንኛ ያልበሰለ እንደ ሆነም ከዚህ ይታወቃል፤ ውኃውን የሚያመጣው ዛሬውኑ ነው።