ባለ ፏፏቴው

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የእህቴ ልጅ ነርስ ልትሆን ቆርጣለች። የአንድ የግል ትምህርት ቤት ደጅ ላይ ፏፏቴ አይታ ልቧ እዚያው ቀርቷል። ክፍያውን ስትነግረኝ ሆስፒታሉንም ጨምረው የሚሸጡላት መስሎኝ ነበር።

«የሰፈራችሁ ኮሚኒቲ ኮሌጅስ?»

«ጋሼ፣ እዚያማ መጀመሪያ አናቶሚ ማለፍ አለብኝ!»

በሽተኛውም ይህንኑ ሳይመርጥ አይቀርም፤ ግን ዝም አልኩ።

ከሁለቱም የሚመረቅ ሰው የሚቀመጠው ለዚያው ለነርሶች የፈቃድ ፈተና፣ ለኤንክሌክስ ነው። ኮምፒዩተሩ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ያወርድባታል፤ ስለ ፏፏቴ የሚጠይቅ ግን የለውም። ከተመራቂዎቻችሁ ስንቱ በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ ብለሽ ጠይቂ ብዬ ወደ ባለ ፏፏቴው ላክኋት። መዝጋቢዋ ፈገግ ብላ፣ የደንብ ልብሱ በነፃ እንደሆነ አበሰረቻት። ክሬዲቱ ወደ ሌላ ኮሌጅ ይዛወራል ወይ ስትል ደግሞ ስለ ተማሪ ብድር ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተብራራላት።

ግራ ቢገባኝ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ደወልኩ።

«የግሉ ይሁንላት» አለች ሳታመነታ። «ማኅበር ላይ የት ትማራለች ሲሉኝ ስሙ ረዘም ይላል።»