አርሴናልን ተዉት፣ ሞጆን ተረቡ

የአዳማን ልጅ ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ጠይቁት፤ የፈርጉሰንን ዘመን ከነተቀያሪው ይዘረዝርላችኋል። ስለ አዳማ ከተማ ጠይቁት፤ «ትናንት ተጫውተው ነበር እንዴ?» ይላችኋል። ጎረቤቱ ደግሞ አርሴናል ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይሸነፉ በበሉት የሊግ ዋንጫ ከሃያ ዓመት በላይ ሲጎርር ኖሯል። ዩናይትዱ «አንድ ጊዜ በልተህ ሃያ ዓመት ከፆምክ ገዳም ግባ» ይለዋል። አርሴናሉ «አንተስ ከ2013 ወዲህ ሊግ የበላኸው በፎቶ አይደል?» ብሎ ይመልሳል። አጥር የሚጋሩ፣ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚዋዋሱ ሁለት ሰዎች፣ አንዳቸውም በማያውቋቸው ሁለት የእንግሊዝ ከተሞች የተነሳ ሳምንቱን ተኳርፈው ይሰነብታሉ።

ልጆች፣ ተረብ አላነሳችሁም። ጥፋታችሁ ያላችሁን ሁሉ ወደ ውጭ መላካችሁ ነው። የወጪ ንግድ ነው እንዳንል ደግሞ ዶላር አያመጣም። ደጃችሁ ላይ ስንት የሚተረብ ከተማ ተደርድሮ!

በአዋሽ ማዶም በአዋሽ ወዲህም ያለውን መንገድ ብቻ ውሰዱ። ፈጣሪ ስምጥ ሸለቆን ሲሠራ በየከተማው አንድ አንድ ተረብ አስቀምጧል፤ የሚያነሳው ጠፋ እንጂ።

ቢሾፍቱ፦ ሰው የሚታይባት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ጨዋታው ማክሰኞ ከዋለ ፎርፌ በሉት።

ሞጆ፦ ግብ ጠባቂውን አትውቀሱት። ከተማው ደረቅ ወደብ ነው፤ የመጣውን ሁሉ መቀበል ሥራው ነው።

መቂ፦ ቡድናቸው ሲሸነፍ አያለቅሱም። ዓይናቸውን ሽንኩርቱ አደንድኖታል።

ባቱ፦ ዝዋይ በምትባልበት ጊዜም መረብ ታውቅ ነበር። ያየችው ግን ዓሣ ሲገባበት እንጂ ኳስ ሲገባበት አይደለም።

አርሲ ነጌሌ፦ አንድ ጎል አግብተው «ሁለት ነው» ብለው ቢከራከሯችሁ ዋሽተው አይደለም። አረቄው ሁለት አድርጎ አሳይቷቸው ነው።

መተሐራ፦ በከተማው ወደፊት የሚገፋው በሰቃ ሐይቅ ብቻ ነው። አጥቂዎቹ ከሐይቁ ልምድ ይቅሰሙ።

ወንጂ፦ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ሲያመርት ለኖረ ከተማ ሽንፈትም አይመረው።

አዳማስ? እሷም አትቀርም። በአዳማ ንፋስ መንግሥት 136 ተርባይን ተክሎ 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሠርቶበታል። አጥቂዎቻችን ግን ከዚያ ሁሉ ንፋስ አንዲት ኳስ ገፍታ ጎል የምታስገባ አላገኙም።

ሻሸመኔ ለብቻዋ ቦታ ይሰጣት። በ2016 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገባች፤ በዚያው የውድድር ዘመን ወረደች። አዳሜ «መስቀለኛ መንገድ ላይ አድጋችሁ ፕሪሚየር ሊጉም መናኸሪያ መሰላችሁ፤ መኪና ቀይራችሁ ሄዳችሁ» ይላል። ሻሸመኔም አትተኛለትም፤ «ልክ ነህ፣ ትኬታችን የደርሶ መልስ ነበር። አንተ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ተሳፍረህ ዋንጫ የሚባል ፌርማታ ላይ ወርደህ አታውቅም» ትለዋለች። ከሻሸመኔ ጋር አብሮ ያደገው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደግሞ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ አረፈው። ሻሸመኔን ስለዚህ ብትጠይቋት መልሷ አንድ ነው፤ «ዋንጫውንማ እኛም ጠይቀን ነበር፤ ማስያዣ አምጡ አሉን።»

ከዚያ ወረድ ስትሉ ሐዋሳ ሐይቋን ተደግፋ ትጠብቃችኋለች። «በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ሊጉን በልተናል። አዳማ ስንት ጊዜ?» ትላለች። የአዳማው ወንድ እዚህ ላይ ሲኒው ውስጥ አንገቱን ይደፋል። መልስ የሚመጣው ከጀበናዋ ባለቤት ነው። «ስማ አንተ የሐዋሳ ልጅ! የእናንተ ዋንጫ ከሚሊኒየሙ በፊት ያለ ነው፤ መጀመሪያ አቧራውን ጠርገህ አምጣው። ደግሞ በ2011 የሴቶቹን ፕሪሚየር ሊግ ማን ወሰደው? እነ ሎዛ አበራ የአዳማን ማሊያ ለብሰው በልተዋል። አዳማ ዋንጫ የላትም የሚሉት እነዚህ ሲኒ ላይ የተደፉት ናቸው፤ ሴቶቹ ሲጫወቱ ዲኤስቲቪ ቤት ነበሩ።» ሐዋሳም ዝም፣ አዳማም ዝም። ሁለተኛው ቡና በነፃ ተቀዳ።

ይህን የመሰለ ጎረቤት እያለን ለንደን ድረስ ምን ያስኬደናል? እዚህ ላይ ተረቡን ቆም ላድርገው። አርሴናልን «ዘርህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በየስታዲየማችን ጩኸቱ ከኳስ ወጥቶ ብሔር ውስጥ ገባ። ድንጋይ በረረ፣ ጨዋታ ተቋረጠ፣ ክለብ ሜዳው ላይ መጫወት አቅቶት ገለልተኛ ከተማ ፍለጋ ሄደ። ያን ጊዜ ብልህ የሆነ ሰው ፍቅሩን በዲሽ ባሕር ማዶ አሸሸው። ዩናይትድን ብትሰድብበት የሚያኮርፍህ ጎረቤትህ ብቻ ነው፤ ሰፈር አይቃጠልም። ስለዚህ አልፈርድበትም። የምለው፣ ሰፈር የማያቃጥል ፉክክር አገር ውስጥም ሊበቅል ይችላል ነው። ቦታውም ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጨዋታውም ቅርጫት ኳስ።

«ቅርጫት ኳስ? እሱ እኮ የረጃጅም ሰዎች ነው» የምትል አትጠፋም። አንተስ እግር ኳስ የምታየው ሯጭ ስለሆንክ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ዱክ እና ኖርዝ ካሮላይና የሚባሉ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በመካከላቸው ያለው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዳማ ተነስታችሁ ሞጆ አያደርሳችሁም። እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ በቅርጫት ኳስ ሲፋጠጡ ይኸው መቶ ዓመት አለፋቸው። ማይክል ጆርዳን ዓለም ሳያውቀው በፊት የካሮላይና ተማሪ ነበር። የዱክ አዳራሽ 9,314 ሰው ብቻ ስለሚይዝ፣ ለካሮላይናው ጨዋታ ቦታ የሚፈልግ ተማሪ በክረምቱ ብርድ ለሳምንታት ድንኳን ተክሎ ያድራል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ድንኳን ቢታይ የሰፈሩ እናቶች እዝን ይዘው ይመጡ ነበር። የሚገርመው፣ እዚያ ተጫዋቹም ተማሪ ነው፣ ደጋፊውም ተማሪ ነው፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል። ሰው ይለዋወጣል፤ ተረቡ ግን ለሚቀጥለው ባች በውርስ ይተላለፋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረ ነው። ዛሬ ስታዲየም አለው። በ2014 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ከከተማ ከተማ ሲዞር ካረፈባቸው ሜዳዎች አንዱ ይኸው ነው። ጊዮርጊስ ተጫወተበት፣ ቡና ተጫወተበት፣ የቀረ የለም። የግቢው ልጅ ግን የጮኸው ለማን ነው? ለእንግዳው። ቤቱን ለሰው ሠርግ አከራይቶ ደጅ ቆሞ እንደሚያጨበጭብ ሰው ሆነ። የራሱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲጫወት ደግሞ ተመልካቹ ተቀያሪው፣ የተቀያሪው ጓደኛ እና ልብስ አጥቦ ያሰጣ አንድ ልጅ ነው። ሦስተኛው እንኳ የሚጠብቀው ልብሱን ነው።

ተቀናቃኝ የለንም እንዳትሉ። አንድ አለ፤ ቂሊንጦ ያለው አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ። በአገሪቱ «ሳይንስና ቴክኖሎጂ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቷቸው የተለዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ተማሪም ለሁለቱ በተለየ የመግቢያ ፈተና ሲመረጥ ኖሯል። ስለዚህ ገና ሳይተዋወቁ ቂም አላቸው፤ «አንደኛ ምርጫህ የቱ ነበር?» የምትል አንዲት ጥያቄ ጦርነት ታስነሳለች። በመካከላቸው ደግሞ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ፈጣን መንገድ አለ። ደጋፊ ከምሳ በኋላ ተነስቶ፣ ተርቦ፣ ተተርቦ፣ ለእራት ካፌው ሳይዘጋ ይመለሳል።

ደግሞ የሁለቱም ማደሪያ ውስጥ አንድ ክፍል ብትከፍቱ የጅማውም፣ የጎንደሩም፣ የወላይታውም፣ የጅግጅጋውም ልጅ በአንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ አለ። አዳማን ደግፎ የሚጮኸውን ዘር ልለይ ብትሉ መቁጠሪያው ይጠፋባችኋል። ወገን የሚለየው ግቢው ነው፤ ከግቢው ደግሞ ተመርቆ ይወጣል። ከዚህ የተሻለ፣ ማንንም ከቤቱ የማያፈናቅል ጠላትነት ከየት ይገኛል?

ቅርጫት ኳስን የመረጥኩትም ለተረቡ ስል ነው። እግር ኳስ ሜዳ ላይ ምርጥ ተረብ ወርውረህ ንፋስ ይወስደዋል፤ በተለይ አዳማ። ቅርጫት ኳስ ግን የሲሚንቶ ሜዳ ዳር ቆመህ በሹክሹክታም ይሰማል። ጥፋት የተሠራበት ተጫዋች ብቻውን መስመር ላይ ይቆማል። ከሰሌዳው 4.60 ሜትር ይርቃል፣ አምስት ሰከንድ አለው፣ ማንም አይከላከለውም። በእነዚያ አምስት ሰከንዶች «ባለፈው ሴሚስተርም እንዲሁ ቆመህ ቀረህ!» የሚል አንድ ድምፅ ከዳር ከመጣ፣ ኳሷ ቀለበቱን ስማ ትመለሳለች። ደጋፊ በውጤት ላይ እጁን የሚያስገባበት ሌላ እንዲህ ያለ ጨዋታ አላውቅም። ወጪውም ቢሆን አምስት ተጫዋች፣ አንድ ኳስ፣ ሁለት ቀለበት ነው። መረቡ ከሌለ ከባቱ እንዋሳለን።

ሕግ ግን ያስፈልጋል። ተረበኛ ያለ ሕግ ተሳዳቢ ነው። አንደኛ፣ ሰው መርጦ ያልተወለደበት ነገር አይነካም፤ ዘር፣ እምነት፣ መልክ፣ እናት ከጨዋታ ውጭ ናቸው። የሚነካው የውጤት ሰሌዳ፣ የአየር ጠባይ፣ የካፌው ሽሮና ግሬድ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ከወረወርክ መልሱን ጠብቅ፤ ተረብ ላይም ተራ አለ። ሦስተኛ፣ ጥሩ ሲተርቡህ ትስቃለህ፤ ሳቅህን የዋጥክ እንደሆነ ሁለት ነጥብ ይቆጠርብሃል። አራተኛ፣ ድንጋይ ያነሳ ሰው ቃል እንዳለቀበት ስላመነ ቡድኑ በዚያው ቅጽበት ተሸንፏል፤ ዳኛም አያስፈልግም።

እንግዲህ የመጀመሪያውን እኔ ልጀምር።

የቂሊንጦ ልጆች! እናንተ «ቂሊንጦ ነኝ» ባላችሁ ቁጥር ሰው «ስንት ዓመት ነው?» ይላችኋል። «አምስት» ትላላችሁ። «አይዞህ፣ ያልፋል» ይላችኋል። ኢንጂነሪንግ መሆኑን የሚያምናችሁ የለም።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «አዳማ የስብሰባ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሁሉ ሁለት ቀን ተቀምጦ አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል። አምስት ዓመት ተሰብስባችሁ አበል ያልተከፈላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ» ትላላችሁ። ይህቺ ጥሩ ናት፤ በሦስተኛው ሕግ መሠረት ስቄያለሁ። ቢሆንም እኛ ማታ ማታ አንቆጠርም።

«በዶርማችሁ ሙቀት እንቁላል ያለ ምድጃ ይጠበሳል» ትሉም ይሆናል። ይጠበሳል። ለዚህ ነው ለእንግዳ ቁርስ የማናጣው።

የመጀመሪያው ጨዋታ አዳማ ይሁን፣ የመልሱ እናንተ ጋ። የተሸነፈ የሁለቱንም አውቶቡስ የፈጣን መንገድ ክፍያ ይከፍላል፤ ደረሰኙም እስከሚቀጥለው ዓመት በአሸናፊው ካፌ በር ላይ ይለጠፋል። ሞጆ በዳኝነት ትጠራ፤ የመጣውን አቤቱታ ሁሉ መቀበል ትችልበታለች። የምትመጡበትን ቅዳሜ እናንተ ቁረጡ። ካልመጣችሁም አንቀየምም፤ «አመክሮ አልደረሰላቸውም» ብለን እንጠብቃችኋለን።