ገንዘብ ያዣችን አይሙቱብን

በዋሽንግተን ዙሪያ ለአንድ ትንሽ ማኅበር የሚስማማው ባንክ የቱ ነው ብለው የሚጨነቁ ሰዎች አሉ። ምን ያስጨንቃል? ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ እንደ እትዬ እገሊት ያለ ባንክ የለም። ቅዳሜ እሑድ አይዘጉም፣ ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያ አይቆርጡም፣ መታወቂያ አይጠይቁም፣ ገንዘብ ይዞ ለመጣ ደግሞ ቡና ያፈላሉ። የእድሩ ሃያ ምናምን ሺህ ዶላር በሳቸው ቼኪንግ ውስጥ ከሞርጌጁና ከልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ ጎን ለጎን ያድራል። ዜሉ በስልክ ቁጥራቸው ነው። የላከ ሰው ስክሪንሾቱን ቫይበር ግሩፑ ላይ ይለጥፋል፤ እትዬ "ደርሷል፣ ተባረኩ" ብለው አበባ ይጨምሩበታል። የሒሳብ መዝገባችን ያ አበባ ነው።

አገር ቤት የቀሩት ወገኖቻችን ግን ገና አልሰለጠኑም። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ተራ የሰፈር እድር፣ ድንኳኑ የተቀዳደደው ሳይቀር፣ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ማህተም አለው። ወርኃዊ መዋጮ ሲከፈል ደብተር ላይ ይፈረማል። ባንክ የሚኬደውም ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ የፈራሚዎቹ ስም በደብዳቤ ተገልጾ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሄዶ ላውጣ ቢል ቴለሩ ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ ጣጣ ለቀስተኛ በጡሩምባ ይጠራ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው። እኛ የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ባሉበት ከተማ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች እንዲህ ያለውን ኋላ ቀርነት ቦሌ ላይ ጥለነው መጥተናል።

"እኛ እንተማመናለን።" የዚህ አሠራር ሕገ መንግሥቱ ይህ ነው። በስብሰባ መሐል አንድ ወጣት ይነሳና "ለምን በእድሩ ስም ሒሳብ አንከፍትም?" ይላል። አዳራሹ ዝም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ምነው ልጄ፣ እትዬን ምን አየህባቸው?" ይሉታል። አለቀ። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ይቀመጣል፤ እትዬም ለሚቀጥለው የሥራ ዘመን በጭብጨባ ይመረጣሉ። እሳቸው ራሳቸው "ኧረ በቃኝ፣ ሌላ ሰው ይያዘው" ማለታቸውን የሰማ የለም፤ ጭብጨባው ይበልጣላ! መተማመናችን ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የሚታወቀው ግን እትዬ መኪና የቀየሩ ጊዜ ነው። በዚያ ሳምንት በልቡ ደምሮ ቀንሶ ያላደረ፣ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብሎ ያልተረተ አባል ይገኛል? ከገዛ ደመወዛቸው መግዛታቸውን በምን ያሳዩን? የእድሩም የእሳቸውም ገንዘብ አንድ ሰነድ ላይ ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው፤ ያንን ለሰው ማሳየት ደግሞ ጓዳን ገልጦ ማሳየት ነው።

እትዬን ከዚህ የሚገላግላቸው ነገር የሚጀምረው ከአንዲት ቁጥር ነው። አይአርኤስ ለማኅበር የሚሰጣት መለያ ናት፣ ኢአይኤን ይሏታል። ነፃ ናት። ቅጹን ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የጨረሰ ሰው ቁጥሯን እዚያው ይቀበላል። ግን ቅጹ የአንድ ኃላፊ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ ጀግና ይጠፋል። "በኔ ሶሻል? ነገ ታክስ ቢመጣብኝስ!" ይላል ሊቀመንበሩ። "እኔ ሲቲዝንሺፕ ማመልከቻ ላይ ነኝ" ይላል ጸሐፊው። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ እነዚሁ ሰዎች ናቸው የሁሉንም ገንዘብ በእትዬ ሶሻል ሥር ያስቀመጡት። እትዬ ገንዘቡ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብለው ወደ ሴቪንግ ቢያዛውሩት፣ ወለዱ በዓመት 10 ዶላር የሞላ እንደሆነ ባንኩ 1099 የሚባለውን ወረቀት አንዱን ለሳቸው፣ አንዱን ለአይአርኤስ ይልካል። የእድሩ ወለድ የእትዬ ገቢ ይሆናል፤ ታክሱንም እትዬ ይከፍላሉ። ማኅበሩን ከታክስ ያዳነው ጥበብ ይሄ ነው።

ነገሩን ጨርሶ ችላ ብለነዋል እንዳይባል አጥኚ ኮሚቴ አቋቁመናል። እንደኛ ያለ እድር አጥኚ ኮሚቴ አያጣም። የኮሚቴው የመጀመሪያ ራስ ምታት ሒሳቡ ወንዙ ወዲህ ይከፈት ወይስ ወንዙ ወዲያ የሚለው ነው። የሜሪላንዶቹ ሲልቨር ስፕሪንግ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካልሆነ አሉ፤ የቨርጂኒያዎቹ ለአንድ ቼክ ብለን የዊልሰን ድልድይን ትራፊክ አንሻገርም አሉ። ገንዘቡ የሚላከው በስልክ፣ ሒሳቡ የሚታየው በስልክ መሆኑን ያነሳ የለም፤ ክርክሩ ስለ ፖቶማክ እንጂ ስለ ባንክ አልነበረማ።

እነሱ ሲከራከሩ ባንኮቹ አልጠበቁም። ቼቪ ቼስ ባንክ ይሁን ብለው ሊስማሙ ሲሉ በ2009 ካፒታል ዋን ገዛው። ሰንትረስት ይሻላል ተባለ፤ በ2019 መጨረሻ ከቢቢ ኤንድ ቲ ጋር ተዋህዶ ትሩዊስት ሆነ። የሰፈራችን ሳንዲ ስፕሪንግ አለ ሲባል እሱም በኤፕሪል 2025 ወደ አትላንቲክ ዩኒየን ገባ። የአሌክሳንድሪያዎቹ በዚህ ጊዜ ደረታቸውን ነፉ። የነሱ በርክ ኤንድ ኸርበርት በ1852፣ አፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ እየተባሉ ሳለ፣ የተቋቋመ ነውና። ስለዚህ ጥናቱ ይቀጥል ተባለ።

ከኮሚቴው ሁለቱ ግን ደፍረው አንድ ቅርንጫፍ ገብተዋል። የባንኩ ስም ይቆየን፤ የትኛውም ቢሆን የሚሆነው ይኸው ነበር። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ልጅ በትሕትና ተቀብላ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

"ቢዝነሳችሁ ምን ዓይነት ነው?"

"እድር ነው።"

"ምን ይሠራል?"

"ሰው ሲሞት ይከፍላል።"

ልጅቷ ቀና አለች። "ኢንሹራንስ ናችሁ?"

"ኧረ አይደለም። እኛ ቀባሪዎች ነን።"

"ገባኝ፤ ፊውነራል ሆም።"

"አይደለም! ቀብሩን ሌላ ነው የሚሠራው። እኛ ለቀስተኛውን እናበላለን፣ ቡና እናጠጣለን።"

"ሬስቶራንት!" አለች ልጅቷ ደስ ብሏት፤ ከኮምፒውተሩ ዝርዝር ውስጥ አንድ የሚሆን አገኘች።

(ሞንትጎመሪ ካውንቲ ጎንደርን እህት ከተማው ካደረገ ቆየ። እህትማማቾቹ ስለ እድር ሳያወሩ ቀርተው ነው እንጂ ልጅቷ ምን አጠፋች?) በመጨረሻ "አባላት ያሉት ክበብ ነው፣ ትርፍ አናከፋፍልም" ሲሏት ፊቷ በራ፤ ለዚያ የተዘጋጀ ሒሳብ አለን አለች። የኢአይኤኑን ደብዳቤ፣ መተዳደሪያ ደንቡን፣ ፈራሚዎቹ የተመረጡበትን ቃለ ጉባኤ ጠየቀች። ደንቡ ባማርኛ ነው፤ ቀን የለውም፣ ፊርማ የለውም። ቃለ ጉባኤውን የያዘው ሰው ወደ ዳላስ ተዛውሯል። የሚከፋው ግን ቀጥሎ የነገረቻቸው ነው፤ ሦስት ፈራሚ ማስመዝገብ ይቻላል፣ ሦስቱም ሒሳቡን በየስልካቸው ማየት ይችላሉ፣ ነገር ግን ቼክ ላይ ሁለት ፊርማ መኖር አለመኖሩን ባንኩ አይቆጣጠርም። አብዛኛው የአሜሪካ ባንክ አይቆጣጠርም፤ የሁለት ፊርማ ነገር የማኅበሩ የራሱ ደንብ ነው። መልእክተኞቹ ተያዩ። ባንኩ ሁለት ፊርማ ካላስከበረልን የአንድ ሰው ፊርማ ምን አላት? በዚህ አመክንዮ ወደ እትዬ ተመለስን።

ወረቀት በዝቶባቸው የተከፉት ሰዎች በዋሽንግተን ሒሳብ መክፈት ቀላል የነበረበትን ዘመን ቢያውቁ የባሰ በተቆጩ። ከ1836 ጀምሮ የነበረው፣ የፕሬዚዳንቶች ባንክ ሲባል የኖረው ሪግስ እንግዳ አክባሪ ነበር። የቺሊውን ፒኖቼን ገንዘብ ስማቸውን አለዋውጦ ይዞላቸዋል። ለኢኳቶሪያል ጊኒ መንግሥት፣ ለባለሥልጣናቱና ለቤተሰባቸው ከ60 በላይ ሒሳብ ከፍቶ እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር አስተዳድሯል፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ጥሬ ገንዘብ በሻንጣ ሲመጣ ተቀብሏል። ይህን ያወጣው በ2004 የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ነው። ባንኩ በማግስቱ ዓመት ጥፋቱን አምኖ 16 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ፒኤንሲም ጠቀለለው። የኛ መልእክተኞች ስህተት ግልጽ ነው። ይዘው የሄዱት ፌስታል ነው፤ ሻንጣ መያዝ ነበረባቸው።

ጥሬ ገንዘብን ካነሳን፣ በዓመታዊው የእራት ግብዣ ማግስት ለእትዬ የሚሰጠው ምክር ሳይመዘገብ አይለፍ። "ከ10 ሺህ በላይ አንዴ አያስገቡ፣ መንግሥት ያይብዎታል፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያደረጉ ያስገቡት።" ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ሲገባ ባንኩ ሪፖርት ይሞላል፤ ንጹሕ ገንዘብ ላለው ሰው ምንም አያመጣበትም። የፌዴራል ወንጀል የሆነው ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ መከፋፈሉ ነው። የስድሳ ዓመት ሴት፣ ዳቦ ቆርሰው ያሳደጉንን እናት፣ ከዶሮ ወጥ ትኬት በተሰበሰበ ብር ወንጀለኛ ማድረግ የቻለ እድር እንደኛ ያለ ብቻ ነው።

የተማሩት አባሎቻችን ደግሞ ሌላ መሰናክል አምጥተዋል፤ መጀመሪያ ኖን ፕሮፊት እንሁን፣ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ ሳናወጣ ባንክ አይታሰብም ይላሉ። ባንክ ለትንሽ ማኅበር ሒሳብ ለመክፈት ይህንን የግድ አይጠይቅም። የራሱን አባላት ብቻ የሚረዳ እድርም በዚያ የበጎ አድራጎት ክፍል አይገባም። አንዳንዱ ባንክ የስቴት ምዝገባ ይጠይቅ ይሆናል፤ ቨርጂኒያ ትርፍ የማያከፋፍል ኮርፖሬሽን የምትመዘግበው በ75 ዶላር ነው፣ በየዓመቱ ደግሞ 25 ዶላር። ኮሚቴው ስለ ባንክ ለመወያየት ተሰብስቦ በአንድ ምሽት ከሚበላው ክትፎ አይበልጥም። ከታክስ ነፃ የሆነ፣ ገቢው በዓመት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ትንሽ ድርጅት ለአይአርኤስ የሚልከው አንዲት የኤሌክትሮኒክ ፖስት ካርድ ነው። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ካልላከ ነፃነቱ ይሰረዛል። ለእንቁጣጣሽ ለሦስት መቶ ሰው አደይ አበባ የምንልክ ሕዝብ በዓመት አንዲት ፖስት ካርድ ከበደችን።

ይህን ሁሉ አዳምጬ፣ እንደ አንድ ታማኝ አባል፣ አሠራሩን ከመቀየር ደንቡን ማሟላት ይቀላል ብያለሁ። ደንባችን አርባ አንቀጽ አለው፤ አርፍዶ ስለሚመጣ አባል ቅጣት ብቻ ሦስቱ። ስለ ገንዘብ ያዥ ሞት ግን ትንፍሽ አይልም፤ ለሞት የተቋቋመ ማኅበር! እትዬ አንድ ነገር ቢሆኑ ባንኩ መሞታቸውን እንደሰማ ሒሳቡን ያግደዋል፤ በስማቸው ብቻ ያለ ገንዘብ የውርሳቸው አካል ነው። ቤታቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ ልጆቻቸው ሮክቪል የኑዛዜ መዝጋቢው ዘንድ ይሄዳሉ፤ አሌክሳንድሪያ ከሆነ ወደ ከተማዋ ሰርኪዩት ኮርት ጸሐፊ። ሒሳቡ ከልጃቸው ጋር የጋራ ከሆነ በአብዛኛው ገንዘቡ በቀጥታ የልጁ ነው። እድሩ "የኛ ነው" የሚለው ምን ይዞ ነው? ያንን አበባ?

ስለዚህ አንቀጽ 41ን እንዲህ አርቅቄ አቅርቤአለሁ። ገንዘብ ያዥ በሥራ ዘመናቸው አይሞቱም፤ የግድ ከሆነባቸው ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቃሉ። አይፋቱም፤ ንብረት ሲከፋፈል የእድሩ ገንዘብ ለባል ሊደርስ ይችላልና። አይከሰሱም፣ የሰው መኪና አይገጩም፤ የፍርድ ባለዕዳ ሒሳብ ይያዛልና። አይረሱም፤ በተለይ ፓስወርድ። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ሞት ቢደፍራቸው፣ እድሩ እንደ ደንቡ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ በሦስት ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ ክፍያው የሚፈጸመው በሟች ዜል ነው።

አንቀጹ ተነቦ ለድምፅ ቀረበ። ድጋፍ፣ ሁሉም። ተቃውሞ፣ የለም። ድምፀ ተአቅቦ አንድ፤ እትዬ።