የሰሊጥ አድሚራሎች

እኛን ቆለኞችን ባሕር የላቸውም ብሎ የሚያማ ካለ ጥርን ጠብቆ ይምጣ። ሰሊጡ ተራግፎ፣ ተጭኖ፣ ተሽጦ ገንዘቡ እጅ ሲገባ ከመተማ ዮሐንስ፣ ከኮኪትና ከገንዳውኃ የሚነሡ ሙሽሮቻችን የሚፈጽሙትን የባሕር ጀብዱ በዓይኑ ይይ። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም ወዲህ ባሕር በር የላትም ይባላል። ይህን የሚል ሰው የእኛን የሠርግ ቪዲዮ አላየም።

የሌላው አገር ሰው ወደ ባሕር ይወርዳል፤ የእኛ ሙሽራ ይወጣል። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ነው። ስለዚህ አድሚራላችን በነጋዴ ባሕርና በአይከል አድርጎ፣ አዘዞ ላይ ታጥፎ፣ በቆላድባ በኩል ጎርጎራ እስኪደርስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ ደግሞ በእገታ ስሙ የወጣ ነው፤ ነጋዴ ጸሎት አድርሶ የሚሳፈርበት፣ ሕመምተኛ ሪፈር ተጽፎለት እንኳ ሁለት ጊዜ የሚያስብበት። ለቪዲዮ ግን ይኬዳል። በ2017 ዓ.ም ጣናነሽ 2 የተባለችው ጀልባ በተሽከርካሪ ተጭና ከጅቡቲ ወደ ጣና ስትጓዝ ሕዝቡ አስፋልት ዳር ቆሞ አይቷታል። ጀልባ ተራራ ከወጣች ሙሽራ ወደ ባሕር ሽቅብ ቢወጣ ምን ይገርማል?

ጎርጎራ ሲደረስ ዋናው ሥራ ይጀመራል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት ከበስተጀርባ እንዲታይ ይደረጋል። ጀልባዋ በሰዓት ተከራይታለች። ሙሽሪት ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ከሥር ስኒከር ተጫምታ ትገባለች። ብርቱካናማው የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለሁሉም ይታደላል። ካሜራማኑ ግን «ከከረባቱ ጋር አይሄድም» ብሎ ያስወልቀዋል። ዋና የማያውቅ የቆላ ልጅ ለቀለም ስምምነት ሲል ነፍሱን ለውኃ አሳልፎ ይሰጣል፤ ለጥበብ እንዲህ የታመነ ሕዝብ የት ይገኛል? ሚዜዎቹ ምስሉ ውስጥ እንዳይገቡ ጀልባዋ ወለል ላይ እንደ ሰሊጥ ጆንያ ይጋደማሉ። ነጂውም «አንተም ጎንበስ በል» ይባላል። ታዲያ ጀልባዋን ማን ይነዳታል? ፍቅር።

ከዚያ ጥንዶቹ ከጀልባዋ ፊት ቆመው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። ያው የታይታኒክ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ሰጥማ 1,500 ያህል ሰው ይዛ የሄደችን መርከብ ለትዳር መክፈቻ መምረጥ ድፍረት ይጠይቃል። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያዩት አይመስለኝም።

ዓሣ ማጥመዱ ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ሙሽራው የሚይዘው ዘንግ ከስቱዲዮ የመጣ ነው፤ ክር አለው፣ መንጠቆ የለውም። መንጠቆው ቬሎ ይቀድዳል ተብሎ ተነቅሏል። ዓሣውስ? ከአጠገባቸው በደንገል ታንኳ መረባቸውን ሲጎትቱ ያደሩ ሽማግሌ አሉ።

«አባባ፣ አንድ ቆሮሶ ይሽጡልን፤ ተለቅ ያለ ይሁን።»

«ለስንት ሰው ነው ልጄ?»

«ለፎቶ ነው።»

ሽማግሌው ዝም ብለው ያቀብላሉ። ቆሮሶው ከሞተ ቆይቷል። ካሜራማኑ «ወንድሜ፣ ትንሽ አንቀጥቅጠው፣ ነፍስ ይዝራ» ይላል፤ ሙሽራው ያንቀጠቅጠዋል። ሙሽሪት ደንገጥ ብላ ትስቃለች። ድሮኑ ከሌላ አቅጣጫ ሲመጣ እንደገና ትደነግጣለች፣ እንደገና ትስቃለች። ከዚያ ሽታው ሱፍ ይይዛል ተብሎ ዓሣው ለሚዜው፣ ከሚዜው ለነጂው ይተላለፋል። ሽማግሌውም ታንኳቸውን ገፋ አድርገው ከምስሉ እንዲወጡ ይለመናሉ። ዓሣ አጥማጅ ዓሣ ማጥመጃ ቪዲዮ ውስጥ ምን ይሠራል!

ድሮኑ ሲዞር ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ እንቦጩ ይገባበታል። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የጣናን ዳርቻ የወረሰው አረም ማለቴ ነው። ያም ቢሆን ኤዲተር እስካለ ድረስ ችግር የለም፤ አረንጓዴው ሰማያዊ ይሆናል። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ እየነቀለ፣ ማሽን እየመጣ ያልጠፋውን እንቦጭ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ይዞ በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል። በጣና ብቻ ከሚገኙት ዓሦች አንዳንዶቹም በበኩላቸው ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሽቅብ ይወጣሉ፤ የእኛ ሙሽሮች ለሠርግ ሽቅብ መውጣትን ከእነሱ ተምረው ይሆናል። ልዩነቱ በአጃቢው ነው። ዓሦቹን መንገድ ላይ የሚቀበላቸው መረብና ዓሣ ማደንዘዣው ብርብራ ነው።

ይህን ሁሉ ለአንድ ዓሣ መድከም አገር ቤት ዓሣ የሌለ ያስመስላል። መጋቢት 2016 ዓ.ም ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ሌላ ይላል። የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ በእኛው በሽንፋ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች በጋው በርትቶ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ሲሆን ዓሣውን እያወጡ ይበሉ ነበር። አጥንቱ፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊቱ፣ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉት ጥቃቅን የድንጋይ ስለቶች እዚያው አፈር ውስጥ ተገኝተዋል። እንዴት ያሉ ኋላቀሮች ነበሩ! ዓሣውን ራሳቸው ያዙት፤ ይባስ ብለው በሉት።

የጓንግ ወንዝም አለ። ሱዳን ገብቶ አትባራ ይባላል፤ ናይልን ተቀላቅሎ ወደ ሜዲትራኒያን ያመራል። ባሕር ለሚሻ ሰው ከዚህ የቀረበ መንገድ የለም። ነገር ግን ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ሜካፕ ይቀልጣል። መተማም ብትሆን መጋቢት 1881 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁባት ናት። እንዲህ ያለ ታሪክ ከኋላ ቆሞ ፎቶ አያምርም፤ ሰው ያስተክዛል።

በዚያው በጓንግ አቅጣጫ ባሕር ፍለጋ የሚሄዱ ጥንዶችም አሉን። ደላላ በመተማ ያሻግራቸዋል፤ በሱዳን አድርገው ሊቢያ ይደርሳሉ። እነሱ እውነተኛውን ባሕር፣ እውነተኛውን ማዕበል ያያሉ። እነሱም የሕይወት ማዳኛ ጃኬት የላቸውም፤ ያስወለቃቸው ግን ካሜራማን አይደለም። የእነሱ ቪዲዮ በመልስ ድንኳን ውስጥ አይታይም።

የአድሚራላችን ግን ይታያል። ስክሪኑ ተሰቅሎ፣ ሙዚቃው ተለቅቆ፣ ዘመድ ሁሉ «ወይኔ ባሕሩ!» እያለ ያጨበጭባል። ከድንኳኑ ጀርባ ቆሞ የሚያይ አንድ ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት ሠራተኛ፣ አለ። ሰሊጡን ያጨደው እሱ ነው፤ ቀሪ ሒሳቡ «ከሠርጉ በኋላ» ተብሎ ተይዞበታል። የደምቢያ ልጅ ነው፤ አባቱ ጣና ላይ መረብ ይጥላሉ። ቆሮሶው ሲንቀጠቀጥ አይቶ «ይቺማ ከሞተች ቆይታለች» ይላል። የሰማው የለም፤ ድምፅ ማጉያው ከፍ ብሏል።

ለመጪው ጥር ሙሽሮች ልመና አለኝ። ባሕሩንም፣ ድሮኑንም፣ ታይታኒኩንም ማን ይከለክላችኋል፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው። ጃኬቱን ብቻ አታውልቁ። የገዛችሁትንም ዓሣ ጠብሳችሁ ብሉት። ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ደግሞ የሳሉጉን ሒሳብ ክፈሉ።