ታች የት ነው? ከገዘር ዙሪያ የቀረበ የመልክዓ ምድር ጥናት

«ታች ድረስ ወርደን ሕዝቡን አወያይተናል።» ይህን ዓረፍተ ነገር በማታ ዜና ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ካለ ቴሌቪዥን የሌለው ሰው መሆን አለበት፤ ከሆነ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ የሚያወራው ስለ እሱ ነው። የአገራችን ተራራና ሸለቆ ብዙ ጊዜ ተለክቷል። የራስ ዳሸን ከፍታና የዳሎል ዝቅታ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ባለሥልጣናት በየሳምንቱ የሚወርዱበት «ታች» ግን በአንድም ካርታ ላይ አይገኝም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ ነው። «ክፍተት» የምትለዋን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ለጥናቱ የተመረጠው ገዘርና አካባቢው ነው። ገዘር የደቡብ አሪ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ በጓሮው እንሰት፣ በጥላው ሥር ቡናና ኮረሪማ፣ በዛፉ ላይ ቀፎ ያለው ነው። ወደ አንዱ ወገን ከሄዱ የአሪ ደጋ፣ ወደ ሌላው ከሄዱ የማጎና የኦሞ ቆላ ይገኛል። ላይም ታችም በእግር የሚደረስበት ቦታ ለእንዲህ ያለ ጥናት ይመቻል።

የጥናቱ ዋና ውስንነት ውሎ አበል ያልነበረው መሆኑ ነው። ያለ አበል ታች የደረሰ አጥኚ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ስላልተገኘ ግኝቶቹ በጥንቃቄ ይነበቡ።

የመጀመሪያው መላምት ቀላል ነበር፦ ታች ማለት ከፍታው ያነሰ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ጂንካ ወደ 1,500 ሜትር ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ጂንካ የገባ ሰው «ወርጃለሁ» ቢል ሳይንስ አይቃወመውም። ችግሩ የመጣው ከጂንካ በኋላ ነው። ወደ አሪ ደጋ ቀበሌዎች የሚሄደው ላንድክሩዘር በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ዳገት ይወጣል፤ በውስጡ የተቀመጡት ሰዎች ግን በስልክ «ታች እየወረድን ነው፣ ኔትወርክ ሊቆረጥ ይችላል» ይላሉ። ደግሞም ታች በሜትር የሚለካ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ኦሞራቴ በተገኙ ነበር። ቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ 400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዳሰነች በጎርፍ በሚፈናቀልበት አገር ማለት ነው። እዚያ የባለሥልጣን መጨናነቅ ስለመኖሩ አልተዘገበም። መላምቱ ወደቀ።

ቃሉና መሬቱ የተስማሙበት ዘመን ግን ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የምኒልክ ጦር አሪን ሲይዝ ከተማው የተቆረቆረው ባኮ ኮረብታ ላይ ነው። ገባሩ ማሩን ተሸክሞ፣ ጉልበቱን ይዞ ዳገቱን ይወጣል፤ ትእዛዙ ቁልቁል ይወርዳል። ላይ ማለት ላይ፣ ታች ማለት ታች ነበር። ኋላ አስተዳደሩ ሜዳውን መርጦ ጂንካ ገባ። አስተዳደሩ ወረደ፤ ቃሉ ግን ባኮ ቀረ።

ሁለተኛው መላምት ታች የማዕረግ ጉዳይ ነው የሚል ነው። የፌዴራሉ ሰው ታች ሲል ክልልን ማለቱ ነው። ክልሉ ዞንን፣ ዞኑ ወረዳን፣ ወረዳው ቀበሌን ያሳያል። እስከ 2015 ድረስ የዚህ አገር ሰው ክልሉን የሚያገኘው ሐዋሳ ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ12 ዞኖች ሲቋቋም አሪም ብዙ የጠየቀውን ዞን አገኘ፤ መዋቅር ወደ ሕዝቡ ቀረበ ተባለ። ከጥናቱ አንጻር ሲታይ የቀረበው ላይ ነው። ታች ባለበት ነው።

እንቀጥል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ታች የት እንደሆነ ቢጠየቅ «የልማት ቡድን ነዋ!» ይላል። የልማት ቡድኑ አንድ ለአምስቱን ይጠቁማል። የአንድ ለአምስቱ መሪ ከእሱ በታች የሚጠቁመው መዋቅር ስለሌለ ግራ ቀኙን ያያል፤ ሚስቱን ይፈልጋል። የለችም። ወፍጮ ቤት ሄዳለች። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለሌለ ወረፋው ደርሷት የምትመለሰው ማታ ነው። የጥናቱ የመጀመሪያ ጠንካራ ግኝት ይህ ነው፦ ታች የሚባለው ሰው በስብሰባው ሰዓት ወፍጮ ቤት ነው።

የመስክ ምልከታው የተደረገው ከደጋው ቀበሌዎች በአንዱ ነው፤ ስሙ ለጥናቱ አያስፈልግም። ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ሜዳው ላይ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ለፊት የእንጨት መድረክ ነበር። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ። መድረኩን በክንዴ ለካሁት፤ አንድ ክንድ ይሆናል። ያን ሁሉ መንገድ የወረዱት እንግዶች እንደደረሱ አንድ ክንድ ከፍ ብለው ተቀመጡ። በስብሰባ ቋንቋችን ተሳታፊው «ቤቱ»፣ ተናጋሪው «መድረኩ» ይባላል፤ «ከቤቱ ለተነሡ ጥያቄዎች ከመድረኩ ምላሽ ተሰጥቷል» ተብሎ ይጻፋል። በዚያ ቀን ቤቱ ጣራ አልነበረውም። ካፍያ ሲጀምር ጃንጥላ የተዘረጋው ለመድረኩ ነው።

የልዑካኑ መሪ መነሻ ጽሑፉን በአማርኛ አቀረበ። አንድ የአካባቢው ወጣት ወደ አሪኛ ይመልሳል። ወጣቱ ጎበዝ ነበር፤ «አሰባሳቢ ትርክት»ን፣ «ቅንጅታዊ አሠራር»ን፣ «የአመለካከት ጥራት»ን እንደምንም አሻገራቸው። የተሰናከለው በቀላሉ ቃል ነው። መሪው ደረቱን ነካ አድርጎ «ዛሬ እኛ እዚህ የተገኘነው ታች ድረስ ለመውረድ ነው» ሲል ወጣቱ ትንሽ ቆመ። እነዚህ ሰዎች ያሉት ደጋው ራስ ላይ ነው። ከዚህ ወዲያ መውረድ የሚቻለው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው። እናም «ወደ ቆላ ለመውረድ እያለፍን ነው» ብሎ ተረጎመው።

ሰዉ ነገሩ ገባው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማን እንደሆኑና ለምን እንደመጡ ግልጽ አልነበረማ! መንገደኞች ናቸው። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡና መረቁ። አጠገቤ የነበረ ሰው ምርቃቱን ቀስ እያለ ተረጎመልኝ፦ «ልጆቼ፣ በደህና ውረዱ። ወባው አይንካችሁ። ሙቀቱ ይብረድላችሁ። አጎበር ካልያዛችሁ እኔ ቤት አንዲት አለች፤ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ታመጡልኛላችሁ።» ወጣቱ መድረኩን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ያለችውን ችሎታ ሁሉ ተጠቅሞ መለሰ፦ «ደስ ብሎናል፣ በርቱ ብለዋል። የአጎበርም ነገር አለ ብለዋል።» ቃለ ጉባኤ ያዡ እንዲህ ጻፈ፦ «ኅብረተሰቡ ያለውን ድጋፍ በምርቃት ገልጾ የአጎበር እጥረት መኖሩን በጥያቄ አንሥቷል።» በተራ ቁጥር ሁለት፣ «ክፍተቶች» በሚለው ርዕስ ሥር።

ይህን ትዕይንት እንደ ቀልድ የሚያይ አንባቢ ይኖራል። ለአጥኚው ግን ብርቅ ማስረጃ ነው። ሰጪ የነበረ ሰው በአንድ ክንድ ከፍታ መካከል ጠያቂ ሆኗል። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ወደ ላይ ሲጓዝ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም፤ በወፍጮዋ እንየው። «መብራት የለም፣ ሚስቶቻችን ወፍጮ ቤት እያደሩ ነው» የተባለው ወረዳ ሲደርስ «የኃይል መቆራረጥ»፣ ዞን ሲደርስ «የመሠረተ ልማት ክፍተት»፣ ክልል ሲደርስ «የመልካም አስተዳደር ጥያቄ»፣ ከዚያ በላይ ሲወጣ «አበረታች ውጤቶች እንደተጠበቁ ሆነው አንዳንድ ክፍተቶች» ይሆናል። መብራቱ እንኳ ከላይ ሲደርስ የለም፤ ሚስትየዋማ ወረዳ ሳትደርስ ነው የጠፋችው።

ጥናቱ ወደ ኋላ ሄዶ ገዢ ፓርቲዎች ታችን የለኩባቸውን አሮጌ ልኬቶችም መርምሯል። ኢሠፓ በ1977 መባቻ ሲመሠረት ራሱን የሠራተኞች ፓርቲ ብሎ የሰየመው ሕዝቡ በአመዛኙ አራሽ በሆነበት አገር ነው። አዲስ አበባ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በቀይ ጨርቅ ስታጌጥ ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር። በዚህ ላይ አልቀልድም፤ ወደሚቀጥለው ልለፍ።

ኢሕአዴግ ከገጠር የመጣ፣ ምልክቱም ንብ የሆነ ድርጅት ነበር። ማር ቆራጭ ለሆነው የአሪ ሰው ከዚህ የቀረበ ምልክት አይገኝም። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 መስቀል አደባባይን በሰው ሞላና ማዕበል ተባለ። በማግስቱ ተቃዋሚው ቅንጅት በዚያው አደባባይ ሕዝብ ጠራ፤ አደባባዩ ዳግመኛ ሞላ። ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ። ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ከነበሩት 138 መቀመጫዎች ቅንጅት 137ቱን ወሰደ። የቲሸርት ቁጥርና የድምፅ ቁጥር በአንድ መለኪያ እንደማይለኩ በአገራችን በዚህ ስፋት የተረጋገጠው ያኔ ነው።

ድርጅቱ ከዚህ የተማረው «ታች በበቂ አልወረድንም» የሚል ነው። ስለዚህ ታችን ራሱን አባል አደረገው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የአባላት ቁጥር ከ4 ሚሊዮን አለፈ። አንድ ለአምስቱ እያንዳንዱ ምድጃ አጠገብ ጆሮ አኖረ። በ2002 ምርጫ ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎች 545ቱ፣ በግንቦት 2007 ደግሞ 547ቱም ለድርጅቱና ለአጋሮቹ ሆኑ። በሒሳብ ደረጃ ታች የሚባል ነገር አለቀ፤ ሁሉም ላይ ነው። 16 ወር ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 2009፣ በአገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ያ ሁሉ ጆሮ ምን እየሰማ ነበር? አባሉ የሚነግረው አባል ለሆነ ሰው ነው፤ ያም የሚነግረው ከላይ የሰማውን ነው። መልስ የተባለው የድርጅቱ የገዛ ድምፅ ነበር።

በዚያው ሰሞን «ጥልቅ ተሃድሶ» መጣ። ስሙን ልብ ይሏል! ታች አልበቃ ስላለ ከታችም በታች ለመቆፈር የተደረገ የመጀመሪያው ሙከራ ነው። የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን እንደሚለቁ ተናገሩ፤ ቁፋሮው ቆመ። ከድንበሩ ማዶም ተመሳሳይ ልኬት አለ፦ ካኑ የተባለው ፓርቲ በአውራ ዶሮ ምልክቱ ኬንያን ከነጻነት ጀምሮ ወደ 40 ዓመት ገዝቶ በታኅሣሥ 2002 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ምርጫ ተሸነፈ። ዶሮውም ንቡም የገበሬ ንብረት መሆናቸው አልጠቀማቸውም።

ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና በ2013 ምርጫ አምፖል ይዞ ቀረበ፤ በመጀመሪያው ዙር ከ436 መቀመጫዎች 410 አገኘ፤ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሉት ይናገራል። አምፖል የምርጫ ምልክት እንጂ የመብራት ኃይል ውል አይደለም፤ ይህንን አጥኚው ይረዳል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ ለምትጠብቀው ሴት ግን ማስረዳቱ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

ስብሰባው በዘጠኝ ሰዓት አለቀ። ሦስት ሦስት እየተያዙ የተነሡት ጥያቄዎች ሰዓት ስለሄደ በጽሑፍ እንዲቀርቡ ተባለ፤ ወረቀት ግን አልታደለም። እንግዶቹ እጅ እየነሡ ላንድክሩዘራቸው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ቀበሌ ወደ ጂንካ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። ሽማግሌው ጥጉ ላይ ቆመው መኪናዋ እየወረደች እስክትሰወር ድረስ በዓይናቸው ሸኟት፤ እንደተናገሩት መውረዳቸውን አይተው ደስ አላቸው። አጎበሯን ግን ሳይወስዱ ሄደዋል።